ለኢድ ሜዳው የተመረጠው መቧጠጫ

«አሚን!» አሉ ሽማግሌዎቹ መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ እያበሱ። ዙሀይራም «አሚን» አለች። ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አለች በሆዷ።

የቆሙት ሮቤ፣ ወንዶሰን የእርሻ መሣሪያ የሚሸጥበት ግቢ ውስጥ ነው። ከፊታቸው ሁለት መቧጠጫ ተቀምጧል፤ ትንሽ ትራክተር ጀርባ ላይ እየታሰረ በቆልማማ የብረት ጥርሶቹ ድንጋይና ጓል የሚሰበስብ፣ መሬት የሚያስተካክል ዕቃ። አንደኛው ጠባብ ነው፣ ሌላው ሰፊና ከባድ። የሰፈሩ ሰው ለኢድ ሜዳ አንዱን ሊገዛ ተሰብስቧል። የኢድ ሜዳውን ድንጋይ ሮቤ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለስግደት ግንባር ሲደፉ ጠጠር ይወጋል፣ በሴቶቹ በኩልማ የአሮጊቶቹን ጉልበት ይልጣል። በየዓመቱ ልጆች በእጃቸው ይለቅማሉ፣ በየዓመቱ ክረምቱ ሌላ ድንጋይ ያወጣል። ዘንድሮ ግን «በቃ!» ተባለ።

ትራክተሯ የዙሀይራ አባት የሙህዲን ናት። «ለሶላት ከሆነ ነዳጁም ከእኔ» ብሏል። የሚነዳው ታላቅ ወንድሟ አብዱልሃኪም ነው። ዙሀይራ ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ በፊዚክስ የሚቀድማት የለም፤ ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ አባቷ «ሞተሯ ጎን ላይ ካለችው ሰሌዳ ጉልበቷን አንብቢና ንገሪኝ፣ መቧጠጫው በዚያ ነው የሚመረጠው» አላት።

አላነበበችም። እውነቱ ይኸው ነው። ሰሌዳዋ ላይ ግራሶና ጭቃ ተጋግሮባታል። ለመፋቅ ናፍጣና ጨርቅ መፈለግ አለ፣ ጥፍር ማቆሸሽ አለ፤ ጓደኞቿ እነ ሰብሪና ደግሞ መረብ ኳስ ሊጀምሩ «ነይ እንጂ!» እያሉ አጥር ላይ ይጮሃሉ። ጎባ ያለው አጎቷ ትራክተር ሠላሳ አምስት የፈረስ ጉልበት እንዳለው ታውቃለች። የሱም ቀይ ናት፣ የነሱም ቀይ ናት። ምን ልዩነት አለው? አባቷ ሲጠይቃት ዓይኗን ሳታሽ «ሠላሳ አምስት» አለችው።

ዛሬ ጠዋት ቁጥሩ በሽማግሌዎቹ ፊት ሲነገር፣ የሰፈሩ አባት ሀጂ ዑስማን ሳቁ።

«ሠላሳ አምስት ፈረስ! እዚያች ውስጥ ማን አስገባቸው? ገብሱንስ ማን ይችላል?»

ሁሉም ሳቀ፣ ከወንዶሰን በስተቀር።

«ሀጂ፣ ያቺን ትራክተር አውቃታለሁ። ሠላሳ አምስት አትመስለኝም» አለ። «ሰፊው ለትልቅ ጉልበት ነው። ትንሿ ላይ ካንጠለጠሉት ዳገት ላይ ፊቷን ታነሣና ሹፌሩ ላይ ትገለበጣለች። ጠባቡን ውሰዱ።»

ሙህዲን ፊቱ ተለዋወጠ። «ልጄ በዓይኗ አንብባለች! አንተ ጠባቡ አልሸጥልህ ብሎ ነው።»

ወንዶሰን ከሆሳዕና መጥቶ በዚች ሱቅ አሥራ ሁለት ዓመት ሲነግድ እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም። አንገቱን ደፋ። ዙሀይራ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ያኔ ነገሩ ያበቃ ነበር። አልተነፈሰችም። ሀጂም «ሰፊው ይሁን» አሉና እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። በነሱ ሰፈር ደግሞ ዱዓ ተደርጎበት ያለቀን ነገር መልሶ የሚከፍት የለም። ነውር ነው።

ከአስር ሶላት በኋላ አብዱልሃኪም ትራክተሯን አምጥቶ መቧጠጫውን አስሮ ወደ ኢድ ሜዳው እንዲወጣ ቀጠሮ ተያዘ። ወደ ሜዳው የሚወስደው መንገድ ከድልድዩ ጀምሮ ዳገት ነው።

ዙሀይራ ቤት የደረሰችው እየሮጠች ነው። ጨርቅ ናፍጣ ነክራ ሰሌዳዋን ፈተገች። ግራሶው ተላጠ፣ ጭቃው ተላጠ፤ ቁጥሩ ወጣ።

ሃያ ሁለት።

ደግማ ፈተገችው። ያው ሃያ ሁለት ነው።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለ አብዱልሃኪም ከኋላዋ። ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ መጥቷል። እሷ በጨርቁ ወደ ሰሌዳዋ አመለከተች። ጎንበስ ብሎ አነበበ፤ ቁልፉ መሽከርከሩን አቆመ።

«ዙሀ... አላነበብሽውም ነበር?»

«አላነበብኩትም።»

«አስተግፊሩላህ!» ግድግዳው ላይ ተደገፈ። ከዚያ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «በቃ አታካብጂው። ማንም አያውቅም፣ ቀስ ብዬ እነዳታለሁ።»

«ዳገቱስ?»

«በአንደኛ ማርሽ እወጣዋለሁ አልኩሽ። አባታችን ወንዶሰንን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሰድቦታል፣ ዱዓ ተደርጓል። አሁን ‹ልጄ ዋሸችኝ› ብሎ ይመለስ? በሼም ይሞታል።»

ይህን ሲል መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ዙሀይራ ወንድሟን ታውቀዋለች፤ ሲፈራ እጁ ያልበዋል። እሷን ለማዳን ብሎ፣ እየፈራ፣ ዳገቱን ሊወጣ ነው። ከጠዋቱ ይልቅ አሁን ራሷን ተጸየፈች።

«ተነሺ፣ ይመሻል» ብሎ ሞተሯን አስነሣ። ዙሀይራ ቀድማው ወጣች። ትራክተሯ ከኋላዋ እየተንተከተከች፣ እሷ በባጃጁና በጋሪው መሃል እየተሹለከለከች ሱቁ ድረስ በሩጫ ሄደች።

ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ይጠብቃሉ። ወንዶሰን ጉልበቱ ላይ ተንበርክኮ ሰፊውን መቧጠጫ ለማሰር ፒኖቹን ያዘጋጃል፤ ሙህዲን ጀርባውን ሰጥቶት ቆሟል። እስከ ዛሬ ጠዋት ተግባብተው የኖሩ ሰዎች ናቸው።

«ሀጂ» አለች እያለከለከች። «ይስሙኝ። ሰሌዳውን አላነበብኩትም። ዝም ብዬ ነው ሠላሳ አምስት ያልኩት። አሁን ፍቄ አየሁት፣ ሃያ ሁለት ነው።»

የአባቷን ፊት ለማየት አልደፈረችም፤ ጫማውን ብቻ አየች።

«ከየት አመጣሽው ታዲያ ሠላሳ አምስቱን?» አለ ሙህዲን። ድምፁ ቀጥኗል።

«ከራሴ፣ አባ። ኳስ ልጫወት ቸኩዬ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ዱዓ የተደረገበትን ነገር እንዴት አድርገን...» ሲል ጀመረ። ሀጂ ዑስማን በእጃቸው አስቆሙት።

«ዱዓ ልጅ ለመቅበር አይደረግም። ጠባቡ ይምጣ» አሉ። ከዚያ ወደ ዙሀይራ ዞሩ፤ አልተቆጡም፣ ግን አልሳቁምም። «አንቺ ልጅ፣ እኔ አሚን ያልኩት አንቺን አምኜ ነበር።»

ቢመቷት ይሻላት ነበር። ሙህዲን ወደ በሩ ሄደ፤ ጀርባውን ሰጥቷቸው መንገዱን ያያል። አብዱልሃኪም ትራክተሯን አስገብቶ ሞተሯን አጠፋ። ወንዶሰን ማንንም ሳያይ የሰፊውን ፒኖች መሰብሰብ ጀመረ፤ ዕቃው ከባድ ነውና እያቃሰተ ወደ ጎን ገፋው።

ዙሀይራ እግሮቿ ወደ በሩ፣ ወደ አባቷ ሊወስዷት ፈለጉ። እጁን ይዛ ብታለቅስ ይቅር ይላት ይሆናል። አልሄደችም። ወንዶሰን አጠገብ ሄዳ ቆመች፤ ድምፏን ከፍ አደረገች፣ በሩ ድረስ እንዲሰማ።

«ጋሼ ወንዶሰን፣ እርስዎ እውነቱን ነበር የተናገሩት። ሰው ፊት ያሰደብኩዎት እኔ ነኝ።»