የሁለት ሰዓት ውሃ

አሌክ የማጆክን ባግ፣ የፕሮግራም ስህተቱን፣ «ነገ ከሚወጣው ቨርሽን» ሥር አውጥታ ወደ «ሚቀጥለው ወር» ገፋችው። ማንም ለምን አይላትም። የቱ ባግ በየትኛው ቨርሽን ይስተካከል የሚለውን የምትመድበው እሷ ናት፤ በጁባ ኮሎሎ ሰፈር ያለውን የኮምፒውተር ክበብ የሚመሩት ጋሽ ስምኦን ሥራውን የሰጧት «አንቺ አትረሺም» ብለው ነው። እውነታቸውን ነው፤ አሌክ አትረሳም።

ባለፈው ሳምንት ማጆክ ጋሽ ስምኦን ፊት ቆሞ ክበቡ በሠራው የውሃ ቦቴ ማዘዣ አፕ ላይ ያለውን ካርታ «የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ፤ ካርታው ሥርም ስሙ ተጻፈ። የቤት ቁጥር በሌለበት ከተማ፣ ከሃይ ማላካል እስከ ጀበል ኩጁር በፀሐይ እየዞረች የሠራችው እሷ ናት። ከአዲስ አበባ ጀምሮ አብሮ አደጓ ዓይኗን እያየ ዋሸ።

ብድር በምድር ነው። ማጆክ የአማርኛውን ገጽ ሲሠራ ሰዓቱን አዲስ አበባ እንደለመደው ቆጥሮታል። ሰው «ጠዋት ሁለት ሰዓት» ብሎ ሲያዝ ሾፌሩ ስልክ ላይ የሚደርሰው ሁለት ብቻ ነው፤ ለጁባ ሾፌር ደግሞ ሁለት ማለት ከምሳ በኋላ ነው። ነገ ጠዋት እንግዶች አፑን ሊያዩ ይመጣሉ፤ ማጆክም ቦቴውን ለሁለት ሰዓት በአማርኛ አዟል። ቆመው ሲጠብቁ፣ እሱን ላብ ሲያጠምቀው ታያት። ደስ አላት።

ስልኳ ጠራ። ባጉን ያገኙት እትዬ አልጣሽ ናቸው፤ ሃይ ማላካል ምግብ ቤት አላቸው። ትናንት ውሃው ዘግይቶ የቁርስ በሊታ ሁሉ እንደተመለሰባቸው ነገሯት።

«የኔ ልጅ፣ ለነገም አዝዣለሁ። ይመጣልኛል ወይስ ቤቱን ልዝጋው?»

አሌክ እሳቸውን ጨርሶ አላሰበቻቸውም ነበር። አፈረች፤ በማፈሯም ማጆክ ላይ ይበልጥ ተናደደች።

«በሰዓቱ ይመጣል፣ እትዬ።»

ባጉን ወደ ነገ መልሳ፣ ራሱ እንዲያስተካክለው ፊት ለፊቱ የማጆክን ስም ጻፈች። ወዲያው ደወለ።

«አሌክ፣ ይኼ ነገር አልገባኝም። አንቺ ቶሎ ትጨርሺው የለ?»

«ያን የመሰለ ካርታ የሠራ ሰው ይኼ ያቅተዋል?»

«ማሌሽ» አለ፣ በጁባ አፍ ይቅርታ መጠየቁ ነው። ቀስ ብሎ ስለተናገረው ከሷ በቀር የሰማ የለም።

ስልኩን ዘጋችበት። ስሙን አጥፍታ የራሷን ጻፈች፤ ተቀምጣም ሰዓቱን አስተካከለችው። እትዬ አልጣሽ ቃል ተገብቶላቸዋል።

ከዚያ ጋሽ ስምኦንና የክበቡ ልጆች ሁሉ በሚያዩት ገጽ ላይ አዲስ ባግ ከፈተች፦

«ካርታው ሥር የተጻፈው ስም ስህተት ነው። የሚወጣበት ቨርሽን፦ የነገው። የሚያስተካክለው፦ ማጆክ።»