ከደወሉ በኋላ የሚሰማው ጩኸት

የጭነት መኪና ሾፌሩ አልጋው ላይ እንደተንጋለለ፣ ዓይኑን በሩ ላይ እንደተከለ ሞቶ ተገኘ። የጀርባ አጥንቱን ቀዶ ጥገና አድርጎ ከሆስፒታል ከወጣ ወራት አልፈውታል።

መርማሪዋ ወፍራም ሴት ናት። ደረጃውን ወጥታ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆማ ክፍሉን ቃኘች። ባልደረቦቿ እያሰበች ይመስላቸዋል፤ እሷም አታርማቸውም።

የሟቹ አንደኛው ባት አብጧል፤ ተረከዞቹ ተልጠዋል። አልጋው አጠገብ ባለአራት እግር የብረት መራመጃ ቆሟል። ገልብጣ አየችው። የእግሮቹ ጎማ ከሱቅ እንደወጣ ነው፤ እጀታው ግን አቧራ ለብሷል። ግድግዳው ላይ የመዳፍ እድፍ ከአልጋው ተነስቶ ወደ በሩ ይሄድና መንገድ ላይ ይቀራል።

«እንቅስቃሴ የሚያሠራው ማን ነበር?»

«ያ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነዋ» አለች ሚስትየው። አናቷ የበሩን ጉበን ሊነካ ምንም አልቀረው። «እኔ በሩን ከፍቼለት ወደ ሥራዬ ነበር የምሄደው።»

የሟቹ እናት ምድር ቤት ነው የሚኖሩት። ጉልበታቸው እምቢ ካለ ወዲህ ደረጃ ወጥተው ስለማያውቁ፣ የልጃቸውን ነገር የሚከታተሉት በኮርኒሱ በኩል በሚሰሙት ድምፅ ነው።

«ያ ሰውዬ ገደለብኝ! ደወሉ ይደወላል፣ ወዲያው ልጄ ይጮሃል። በመጣ ቁጥር!»

«ሲወርድስ ይሰሙት ነበር?»

«እየሮጠ ነዋ! ልጄ ጮሆ ሳያበቃ እሱ እታች ነው።»

«እንግዲያው እጁ በጣም ረጅም ነው» አለች መርማሪዋ።

ፖሊስ ጣቢያ የተቀመጠው ባለሙያ ግን እንኳን እጁ ቁመቱም አጭር ነው።

«ደንቡን ጠብቄ ነው ያሠራሁት» አለ ቀና ሳይል።

«የሟቹ ክፍል መስኮት በየት በኩል ነው?»

«በግራ… አይ፣ በቀኝ» አለ።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም እናትየው ክፍል ሰበሰበቻቸው። መራመጃውንም አስወርዳ መሐላቸው አቆመችው።

«የገደለው የረጋ ደም ነው፤ ከባቱ ተነስቶ ሳንባው ውስጥ ተሰነቀረ። ከቀዶ ጥገና በኋላ ሳይንቀሳቀስ የተኛ ሰው እንዲህ ይሆናል ብሏል ሐኪሙ።»

«ይህ ሰውዬ ያን ሁሉ ሲያንገላታው እንዴት ሳይንቀሳቀስ?» አሉ እናትየው።

«ማንም አልነካውም እማማ። ይህ ጎማ መሬት ረግጦ አያውቅም። ይህም ሰውዬ ክፍሉ ገብቶ አያውቅም።»

ባለሙያው ፊቱን ጠረገ። «ሚስቱ ደጅ ላይ ተኝቷል ትለኛለች። ሁሌ ተኝቷል። በሽተኛዬ ብዙ ነው… ለሆስፒታሉ አሠርቼዋለሁ አልኩ።»

«ጩኸቱንስ?»

«ቴሌቪዥን ነው አለችኝ።»

መርማሪዋ ወደ ሚስትየው ዞረች። «ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ አቧራው መሐል አራት ንጹሕ ክቦች አሉ፤ የመራመጃው እግሮች ልክ። እማማ ደረጃ አይወጡም። እሱ ከደጅ አላለፈም። ደግሞም ያለ ወንበር እዚያ የሚደርስ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሲሞት አወረድሽው፤ እጀታውን መጥረግ ግን ረሳሽ።»

«ለክፉ መሰለዎት?» አለች ሚስትየው። «ከዳነ ወደዚያ መኪና ሊመለስ ነዋ! ወገቡን የበላው እሱ ነው። ሐኪሙ እንዳትነሳ ብሏል አልኩት። ቤቱ ይቀመጥልኝ ብዬ ነው። ተኝቶ የሞተ ሰው አለ?»



«ማንም ካልነካው ለምን ይጮህ ነበር?» አሉ እናትየው።

መርማሪዋ ይህን ባትጠየቅ ትመርጥ ነበር።

«ደወሉን ሲሰማ ባለሙያው መጣልኝ ብሎ ሊነሳ ይሞክር ነበር፤ ግድግዳውን ይዞ፣ ሕመሙ እያስጮኸው። ሳይሄድ ሊደርስበት።»

እናትየው ኮርኒሱን አዩ። «እኔ እኮ በመጥረጊያ እንጨት እየደበደብኩ ‹ልቀቀው!› እል ነበር።» ከዚያ ወደ ባለሙያው ዞሩ። «ብታሠራው ይድን ነበር?»

«እርግጠኛ መሆን አይቻልም» አለ። «ብዙዎቹ ግን ቀስ በቀስ ይሄዳሉ።»

እናትየው ሊነሱ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው አልታዘዝ አለ። ሚስትየው ሳታስበው መራመጃውን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችው።

አዲሱን ጎማ አዩት። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ።