በውሰት የተሰጠች ልጅ

በሙዚየሙ ውስጥ «ባትሪ» ሲባል ማን እንደምትጠራ የማያውቅ ሠራተኛ የለም። ቀጭኗ፣ ፊቷ የማይፈታው የመንግሥት ተቆጣጣሪ ናት። ግለሰቦች «ሕዝብ ይየው» ብለው በውሰት የሰጡትን ሥዕል ሁሉ መንግሥት ይጠብቃል። መንግሥት ሲባል ደግሞ፣ እዚያ ቤት ውስጥ፣ እሷና የእጅ ባትሪዋ ማለት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በየዓመቱ አንዴ ሥዕሉ ከግድግዳ ይወርድና ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ይጋደማል። ባለቤቱ በአንድ በኩል፣ እሷ በሌላ በኩል ይቆማሉ። ባትሪዋን ዝቅ አድርጋ ከጎን ታበራለች፤ ብርሃን ከጎን ሲመጣ ቀለም ምንም መደበቅ አይችልም። ስንጥቁም፣ እብጠቱም፣ እጅ ያረፈበትም ቦታ ይታያል። ከዚያ ባለቤቱ «የእኛው ነው» ይላል፣ እሷ «ደህና ነው» ትላለች፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። ከእንዲህ ያለ ነገር ፍቅር ይወለዳል ብሎ የሚጠረጥር ሰው ካለ ሐኪም ቢያየው ጥሩ ነው።

ግን ተወለደ።

ሰውየው ፍሬም ሠሪ ነው፤ የታወቁ ሠዓሊ ልጅ። አባቱ ከሠሯቸው ሥዕሎች ሁሉ ስማቸውን ያስጠራችው በልጅነቷ የሞተችባቸው የሴት ልጃቸው መልክ ናት። ቀለሟ ወፍራም ነው፤ ጉንጯ ከሸራው ወጣ ብሎ የሚነካ ይመስላል። አባትየው ከመሞታቸው በፊት ለሙዚየሙ ለረጅም ዘመን በውሰት ሰጧት። ውል ውል ነውና ዘመኑ ሳያልቅ ማንም ወደ ቤት አይመልሳትም፤ ባለቤትም ቢሆን። ስለዚህ ወንድሟ በየዓመቱ እየመጣ እህቱን ጠረጴዛ ላይ ተኝታ ያያታል።

«ዘንድሮም አላደገችም» አለ፣ መጀመሪያ የተገናኙ ቀን።

ተቆጣጣሪዋ መሳቅ አልፈለገችም። ከንፈሯ ግን ከዳት። እሱም አየ፤ ማየቱንም አየች። ከዚያ ወዲያ ምርመራው በተጠናቀቀ ቁጥር ከሙዚየሙ ማዶ ካለችው ሻይ ቤት መግባት ልማድ ሆነ፤ ቀስ በቀስም ለሻዩ ምርመራ መጠበቅ ቀረ።

አንድ ክረምት የሥዕሉ ፍሬም በማዕዘኑ በኩል ተሰነጠቀ። ደንቡ ግልጽ ነው፦ ሥዕሉ ከፍሬሙ ወጥቶ እዚያው ይቀመጣል፣ ለጥገና የሚሄደው ፍሬሙ ብቻ ነው።

«በዚህ ብርድ ከፍሬሟ ካወጣናት ቀለሟ ይፈነዳል» አለ። «ከነፍሬሟ ወስጄ ጠግኜ ልመልሳት።»

«ደንቡን ታውቀዋለህ።»

«አውቀዋለሁ። አንቺንም አውቅሻለሁ።»

አየችው፤ ዓይኑን አልሰበረም። በሥራ ዘመኗ ለማንም ብላው የማታውቀውን «እሺ» አለችው።

ሲመልሳት እንደተለመደው ጠረጴዛው ላይ አጋደሟት። ባትሪዋን ዝቅ አድርጋ ልታበራ ስትል፣ ሥዕል ፊት ቆሞ የተመሰጠ እየመሰለ ስልኩን ስለሚጎረጉረው አለቃዋ ፍሬም ሠሪው ማውራት ጀመረ። አንገቱን ሰበር፣ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ቁርጥ አለቃዋን ሆነ። በሳቅ ፈረሰች። እጇ ከነባትሪው ወደ ላይ ተነሣ፣ ብርሃኑ ከላይ ወረደ፣ ዓይኗ ደግሞ እሱ ላይ ቀረ።

«የእኛው ናት» አለ እሱ፤ ድምፁ ትንሽ ሻከረ።

«ደህና ናት» አለች። ፈረመች።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ እሑድ «እናቴ ልታውቅሽ ትፈልጋለች» ብሎ ወደ ቤቱ ወሰዳት። መንገዱን በሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። አይ ወንድ ልጅ፣ ሽማግሌ ሆኖ የሚላከው እሱ ራሱ ይመስል እንዲህ ይጨንቀዋል እንዴ፣ እያለች በልቧ ሳቀችበት።

እናቱ ዓይናቸው ከጠፋ ሰንብቷል። አልጋቸው ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«ባትሪ የሚሉሽ አንቺ ነሽ?» አሉ። «ነይ፣ ቅረቢኝ። ቀጭን ናት ብሎኛል፤ ምነው፣ አያበሉሽም እንዴ?»

ተቆጣጣሪዋ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ እንደተከፈተም ቀረ። ከአልጋው ራስጌ፣ ግድግዳው ላይ፣ ልጅቷ አለች። ከጎኗ ባለው መስኮት የሚገባው ብርሃን የቀለሙን ውፍረት አንድ በአንድ እያሳየ ነው። ባትሪ አላስፈለጋትም። እናትየው ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ጉንጭ ይደባብሳሉ፤ ጉንጩ በጣት ብዛት ወዝቷል፣ ጠርዙም መፋቅ ጀምሯል። «አይነካም!» ልትል እጇን ዘርግታ መለሰችው። ዕድሜ ልኳን ሥዕልን ከእጅ ስትጠብቅ ኖራለች፤ ይህን እጅ ግን ልትከለክለው አልቻለችም።

ከክፍሉ ወጥታ ደረጃው ላይ ስትደርስ ግድግዳ ተደገፈች። ተከትሏት ወጣ።

«የራሴን ዕቃ ነው የሰረቅሁት» አለ።

«ቀልድህን እዚያው!»

«ዓይኗ ሲጠፋ ‹ልጄን አምጡልኝ› ማለት ጀመረች። መሥሪያ ቤታችሁን ለመንኩ፤ ‹ውሉ አይፈቅድም› አሉኝ። አስመስዬ ሣልኩ። የእሷ ጣት ግን አይታለልም። ሐሰተኛዋን ለእናንተ መለስኩ፤ የሕዝብ ዓይን ይታለላል።»

«የእኔም ዓይን።»

ዓይኑን ወደ ደረጃው ሰበረ።

«ያን ቀን ያሳቅኸኝ ለዚህ ነበር?»

ከታች አንድ ሰው በር ዘግቶ ሲወጣ ተሰማ።

«ያን ቀን፣ አዎ» አለ። «ከዚያ ወዲያ ግን የፈለግሁትን አግኝቼ ነበር። ባልመጣ ምን ይቀርብኝ ነበር? በአፌ ልነግርሽ አቃተኝና በእግርሽ አመጣሁሽ። አሁን የፈለግሽውን አድርጊ።»

ወደደችው፤ ጠላችውም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። ደረጃውን ወረደች።

ለሳምንታት አላናገረችውም። በየቀኑ አዳራሹ ውስጥ ባለችው ሐሰተኛ ልጅ ፊት ታልፋለች። ለአለቃዋ ልትናገር ቢሮው ድረስ ትሄዳለች፣ «ደህና ዋሉ?» ብላ ትመለሳለች። ሌት ተቀን የሚያንገበግባት ደንቡ አልነበረም፤ ያ ሳቋ ነበር።

ከዚያ ትእዛዝ መጣ። በሌላ ሙዚየም በውሰት ከተቀመጡ ሥዕሎች መካከል ሐሰተኛ ተገኝቶ ባለቤቱና ተቆጣጣሪው ታስረዋል። ስለዚህ በመላ አገሪቱ ያለ የውሰት ሥዕል ሁሉ በራጅ ሊመረመር ነው። ክው አለች። ያን ዕለት በእግሯ እየሮጠች የፍሬም ሠሪው ሱቅ ደረሰች።

«ልትመለስ ይገባል» አለችው፣ ሰላምታም ሳታስቀድም። «አለዚያ ሁለታችንም እስር ቤት ነን።»

«እኔ ልታሰር። አንቺ አላወቅሁም በይ።»

«ፈርሜያለሁ እኮ! ደግሞስ አንተ ከታሰርክ እሳቸውን ማን ያያቸዋል?»

ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ቆይቶ «ሌላ እሠራለሁ» አለ። «ለዓይን ሳይሆን ለጣት።»

ሠራ። ቶሎ በሚደርቅ ቀለም፣ ደራርቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ እየዳሰሰ። እሷ ከሥራ እንደወጣች እየመጣች ባትሪዋን ከጎን ታበራለታለች፤ «እዚህ ይበልጥ ይነሣ፣ አገጯ ጋ ቀንስ» ትለዋለች። በእነዚያ ቀናት ታረቁ። ማን ይቅርታ እንደጠየቀ አይታወቅም፤ አንድ ምሽት ቀለም በነካ እጁ እጇን ያዘ፣ እሷም አልነጠቀችውም። እናቱን «አቧራዋን ላራግፍላት» ብሎ፣ ዋናዋን ልጅ ከክፍላቸው አውጥተው፣ በፍሬም ጥገና ሰበብ ወደ ግድግዳዋ መለሷት። የመጀመሪያዋን ሐሰተኛ ሰባብሮ አቃጠላት።

አዲሷ ሥዕል በአልጋው ራስጌ የተሰቀለች ቀን ፍሬም ሠሪው በሩ ላይ ቆሞ የእናቱን ፊት ብቻ ያይ ነበር። ተቆጣጣሪዋ ግን የምታየው ጣታቸውን ነው። ከግንባሯ ጀመረ፣ በአፍንጫዋ ወረደ፣ ጉንጯ ላይ ቆየ። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ሥር ሄደና አንድ ነገር ፈለገ። ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ቆመ።

«እሷው ናት» አሉ እናትየው። ፈገግ አሉ። «እሰይ የኔ ልጅ፣ አቧራዋን አራግፈህልኛል።»

ልጃቸው እንባው መጣበት። «ሻይ ላፍላ» ብሎ ወደ ማድ ቤት ሮጠ። ገና ከመውጣቱ እናትየው የተቆጣጣሪዋን እጅ አፈፍ አደረጉ።

«አንቺ ታውቂያለሽ» አሉ በሹክሹክታ።

«ምኑን፣ እማማ?»

«ከጆሮዋ ሥር ያለችውን ጎድጓዳ። አባቱ ሥሎ የጨረሳት ቀን፣ ቀለሙ ሳይደርቅ አውራ ጣቱን እዚያ ላይ ተጭኖ ነው ያለቀሰው። ጣቴን እዚያ ሳሳርፍ ሁለቱንም አገኛቸው ነበር። ልጄ ይህን አያውቅም፤ ነግሬው አላውቅም።»

ተቆጣጣሪዋ ያቺን ጎድጓዳ በየዓመቱ በባትሪዋ ታያት ነበር፤ «የቆየ ጉዳት» ብላ የምታልፋት እሷ ናት። ባትሪውን ይዛ በእነዚያ ምሽቶች ሁሉ ከጎኑ ስትቆም አንዴም ትዝ አላለቻትም።

«እመልስልዎታለሁ» አለች እያለቀሰች። «ነገ ለአለቃዬ ሁሉን እናገራለሁ። የመጣው ይምጣ።»

«እሱስ? አንዷን ቀብሬያለሁ። ይኼኛውን በቁሙ አታስቀብሪኝ።» እጇን አጠበቁ። «ደስ ብሎታል፤ አልሰማሽውም? እንዳትነግሪው። በሕይወትም እያለሁ፣ ከሞትኩም በኋላ። ማይልኝ።»

ማለች።

ራጁ መጣ፤ ልጅቷ እውነተኛ ሆና ተገኘች። ተቆጣጣሪዋ የባሏን ቤተሰብ ሥዕል መመርመር ስለማይፈቀድላት ለባልደረባዋ አስረከበች፤ ሳይደገስ፣ በጥቂት ሰው ፊት ተጋቡ። ፍሬም ሠሪው ያን ያህል ደስተኛ ሆኖ አያውቅም። ሲያፏጭ ይውላል። እሷም ትወደዋለች፤ ሲያፏጭ ደግሞ የባሰ ትወደዋለች፤ ግን ወደ እናቱ ክፍል በገባች ቁጥር መጀመሪያ የምታየው እጃቸውን ነው። እጃቸው ሁልጊዜ ብርድ ልብሱ ላይ ነው። የልጃቸው ኮቴ ኮሪደሩ ላይ ሲሰማ ብቻ ቀስ ብለው ያነሡና ሥዕሏ ላይ ያኖሩታል።

ብርዱ ሳያልፍ አንድ ጠዋት ቁርስ ይዛ ስትገባ እናትየው ወደ ግድግዳው ጀርባቸውን ሰጥተው፣ እጃቸውን ደረታቸው ሥር አጥፈው አርፈዋል። ሰሃኑን አስቀመጠች። ኮሪደሩ ላይ የባሏ ኮቴ ተሰማ። ቀና አድርጋ አስተኛቻቸው፤ መቀዝቀዝ የጀመረውን እጅ ይዛ አነሣችና በልጅቷ ጉንጭ ላይ አሳረፈችው፤ እንዳይወድቅም ትራሱን ከክንዳቸው ሥር ሸጎጠች።

ለቀስተኛው ተበትኖ ቤቱ ጭር ሲል ባዶው አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«አንድ ነገር ብቻ ያጽናናኛል» አለ። «እስከ መጨረሻው ልጇ አብራት ነበረች። ስትገቢ እጇ እዚያው ላይ ነበር፣ አይደል?»

ቀና ብላ አየችው። ዓይኑ አብጧል፤ ከንፈሩ ግን የሆነ ሰላም ይዟል።

«እዚያው ላይ ነበር» አለችው።