የከበደው ታንኳ

መምህር ሰውመሆን ኢንስፔክተር መንግሥቴን የሰደበው በ2013 ዓ.ም. በጥምቀት ማግስት፣ ወረታ ላይ፣ ሠርግ ቤት ነው። «መንግሥቴ ሌባ የሚይዘው ሌባው ስሙን ጽፎ ከሄደ ብቻ ነው፤ እሱንም ፊደል እየቆጠረ» አለ። ድንኳኑ በሳቅ አወካ። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠው መንግሥቴ እነማን እንደሳቁ ዛሬም አንድ በአንድ ያውቃቸዋል።

አሁን ያው ሰውመሆን ጣና ዳር፣ የወፍ ፓርኩ አጥር ሥር፣ እጁን ታስሮ ተቀምጧል። ከፊቱ የባየህ ሬሳ በጋቢ ተሸፍኗል።

ወፍ ፎቶ ሊያነሱ የመጡት ሰውመሆን፣ ባየህና ነርሷ ጸሐይነሽ ነበሩ። ታንኳ የሚቀዝፍላቸው የመንግሥቴ የእህት ልጅ ዘመነ ነው። ሲነጋ ባየህን ደንገል ወደበቀለበት ደሴት አድርሶ ተመለሰ። ሌሎቹ በየተደበቁበት ካሜራቸው ላይ ተደፉ። ረፋዱ ሲያልፍ ሰውመሆን ባየህን ሊያመጣ ብቻውን ቀዝፎ ሄደ፤ እየጮኸ ተመለሰ። ባየህ ማጅራቱን ተመትቶ ሞቷል። እሱና ሰውመሆን ደግሞ ጠዋት በፎቶ ማንሻ ቦታ ተጣልተዋል።

«ጠላትህ እጅህ ገባልህ እኮ!» አለው አንዱ ፖሊስ።

መንግሥቴ ጸሐይነሽን ጠራት። «ሰውመሆን ሲወስደው ታንኳው የት ነበር?»

«ያ ዛፍ ላይ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ዘመነ አጠገቡ ነበር።»

«ብቻውን አወረደው?»

«የት ችሎ! አገዝኩት። ኧረ ይተዉኝ፣ ወገቤ ሊቆረጥ! ውሃው እላዬ ላይ ወርዶ ልብሴን ጨመቅሁት።»

መንግሥቴ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ከንጋት ጀምሮ ደመና የለም። እዚህ ላይ ቢያቆም ሰውመሆን ወህኒ ይወርድ ነበር፤ የእህቱ አንድ ልጅም ቤቱ ይገባ ነበር።

«ዘመነ፣ ባየህን ካደረስክ ወዲህ ታንኳውን ማን ነካው?»

«ማንም፣ አጎቴ! ከጎኑ ንቅንቅ አላልኩም። ከዚህ ሰውዬ በቀር የነካው የለም።»

«ትንሽ አስብ እስቲ። ሸለብ አላደረገህም?»

«ሚካኤልን! ዓይኔን አልከደንኩም።»

መንግሥቴ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ይህን ጊዜ የዘመነ እናት፣ እህቱ አምሳል፣ ወሬ ሰምታ ከቁሐር ሚካኤል መንደር እየሮጠች ደረሰች። ሁሉም ተሰበሰቡ።

«ታንኳ ደንገል ነው፤ ውሃ ይጠጣል» አለ መንግሥቴ። «ለዚህ ነው አቁመን የምናንጠፈጥፈው። ከንጋት ጀምሮ በዚህ ፀሐይ የቆመ ታንኳ አንድ ሰው በትከሻው ይሸከመዋል። ይሄኛው ለሁለት ከበደ፣ ውሃም አፈሰሰ። ስለዚህ ሰውመሆን ከመንካቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ሐይቁ ላይ ነበር። ማን ወሰደው? ዘመነ ከጎኑ አልተነሳሁም፣ አላንቀላፋሁም፣ ማንም አልነካውም ብሏል። ከራሱ በቀር ሰው አላስቀረም።»

ዘመነ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ትናንት ለሩዝ መሬት ስመነጥር፣ የዚያችን ራሷ ላይ ዘውድ ያላትን ወፍ እንቁላል ስሰብር ባየህ ፎቶ አነሳኝ። ጠዋት ሳደርሰው ለፓርኩ አሳያለሁ አለኝ። መሬቴን ሊያስነጥቀኝ! ተመልሼ ሄጄ ፎቶውን አጥፋልኝ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ሳቀ። መቅዘፊያው እጄ ላይ ነበር።»

ሰውመሆን ተፈታ። የታሰረበትን እያሻሸ ካሜራውን ፈለገ፤ አመሰግናለሁ አላለም።

አምሳል የወንድሟን ኮት ጨመደደች። «እናታችን ስትሞት አዝዬ ያሳደግሁህ ለዚህ ነው? ለዚያ ለሰደበህ ሰውዬ ብለህ? ዝም ብትል ማን ይጠይቅህ ነበር? አንተ፣ ማን ይጠይቅህ ነበር?»

መንግሥቴ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከኮቱ አላቀቀ። ከዚያ በሩዙ ማሳ ድንበር ላይ፣ ጭቃውን እየረገጠ ሄደ።