አረንጓዴዋ ሽቦ

ቦሃን አሮጌውን ማሽን የስልክ ጠጋኟ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ ቀና ብላ አላየችውም።

«ማያው ይጠቁራል» አለ፣ ለጎረቤት ጆሮ። «ከዝናቡ ወዲህ ነው።»

«ዝናቡ ያላበላሸው ምን አለ።»

የይለፍ ቃሉ ይኸው ነበር። ርክክቡ ተጀመረ።

በሼንዠን የኤሌክትሮኒክስ ገበያ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ስድስት ዓመት ስልክ ስትጠግን የኖረችውን ሴት ሁሉም ቱ ይላታል። ስሟ ቱ አይደለም። የምትሰልልለት ዋናው ቤት «ወረንጦ» ይላታል። ቦሃን «ድንቢጥ» ነው፤ ኩዋንግ ለሚባል የጦር መሣሪያ ደላላ ሾፌር መስሎ ከገባ አራት ዓመት አልፎታል።

ኩዋንግ የተሰረቁ የሚሳኤል ክፍሎችን ከአሮጌ ማሽኖች ጋር በሣጥን አሽጎ ያሻግራል። በየት በኩል እንደሚያወጣቸው የሚያውቅ የለም። ሁለት ጊዜ መከታተያ ተቀብሮባቸው፣ ሁለቱንም ጊዜ ሣጥኑ መጋዘን ውስጥ ወር ሲተኛ ባትሪው አለቀ። በሁለተኛው ጊዜ ዱካውን በእግሩ ሊከተል የሄደው ላን፣ የቱ የቅርብ ባልደረባ፣ ሬሳው ከወደቡ ውኃ ወጣ።

ስለዚህ ቱ የሚተኛ መከታተያ ሠራች። የመከታተያው አንጎል፣ ማይክሮኮንትሮለሩ፣ ለጥ ብሎ ይተኛል፤ ባትሪም አይበላም። አጠገቡ ያለችው የእንቅስቃሴ ዳሳሽ ብቻ ዘብ ትቆማለች። ሣጥኑ ንቅንቅ ሲል በማንቂያ ፒኗ፣ በቀጭኗ የብረት እግሯ፣ አንጎሉን ትቀሰቅሰዋለች፤ እሱም ያለበትን ቦታ ይናገራል። ሁለቱን የምታገናኘው ጸጉር የምታክል አረንጓዴ ሽቦ ናት። እሷ ከተቆረጠች ዳሳሿ ብትጮህ የሚሰማት የለም።

ይህን ለቦሃን ያስረዳችው ራሷ ናት። ባለፈው ሳምንት ሽቦዋ የትኛዋ እንደሆነች ጠይቋት ነበር።

መከታተያውን ወደ ኩዋንግ ሣጥን በሚገባው ማሽን ሆድ ውስጥ አጣበቀች። ቦሃን የክዳኑ ብሎኖች መላላታቸውን ነግሯት፣ ከጥጉ ሱቅ አዲስ እንድትገዛ ለመናት። ሄደች። ስትመለስ ክዳኑ ተገጥሟል። ቦሃን ፊቱን አልቦታል።

እጅጌው ላይ አረንጓዴ ብጣሽ ሽቦ ተጣብቃለች።

ቱ እንዳላየች ሆነች። ልቧ እንኳ አልደነገጠም። ድካም ብቻ ተሰማት፤ ከእግር ጥፍሯ የጀመረ፣ ከባድ ድካም።

«ባትሪው ሥር ወረቀት ረስቻለሁ» አለችው። «ካላደረግሁበት ይጨሳል።»

ሊከለክላት አልቻለም። ክዳኑን ከፈተች።

«አሳንሰሩ ጋ ያለውን ባለ ግራጫ ጃኬት ታውቀዋለህ? ሁለት ጊዜ አየኝ።»

ቦሃን ዞረ።

የቀረው ሽቦ አጭር ነው። ስባ ወደ ዳሳሿ ፒን አደረሰችው። ወረንጦ ለመፈለግ ጊዜ የለም። በጣቷ ተጭናው መበየጃውን አስጠጋች።

የብየዳው እርሳስ ቀለጠ። ጣቷም አብሮ።



ጠረጴዛውን በጉልበቷ ገፋ አደረገችው። ከጥቁሩ ፕላስተር ሥር ቀይ ነጥብ ብልጭ ብላ ጠፋች። አንጎሉ ነቅቷል። ወረቀቱን ሸጎጠችና ክዳኑን ዘጋች።

«ማንም የለም» አለ ቦሃን ተመልሶ። «ምን ሸተተኝ?»

«የመበየጃው ሙጫ ነው።»

ማሽኑን አነሳ፤ ግን አልሄደም።

«ኩዋንግ ፍራፍሬ ይዞ እናቴ ቤት ሄዶ ነበር» አለ፣ ወለሉን እያየ። «ማንም አልጋበዘውም። ሻይዋን ጠጥቶ ወጣ።»

ቱ መበየጃውን ከሶኬቱ ነቀለች።

«ነገ ሱቅሽን አትክፈቺ፣ እቴ። ደክሞሻል።»

ያኔ ገባት። መከታተያውን ሸጧል፤ እሷን ግን አልሸጠም። መከታተያው መሞቱን ለኩዋንግ ምሎ ይነግረዋል። ሣጥኑ በተያዘ ቀን ደግሞ ኩዋንግ መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን የማለ ሰው ነው። አንድ ቃል ብትተነፍስ ቦሃን ይተርፍ ነበር። ሣጥኑ ግን ያመልጣል። ላን ትዝ አላት፤ ያበጠ ፊቱ።

«በደህና ሂድ» አለችው።

በትከሻው ሰዉን እየገፋ ወረደ። በሩን ዘጋች። ከዚያ ወዲያ ሱቁን አልከፈተችም።

ሣጥኑ በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ተንቀሳቀሰ። መከታተያው ነቅቶ ተናገረ። ከአንድ የዓሣ ማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ ዘጠኝ ሰው ተያዘ፤ የሚሳኤሉ ክፍሎችም አንድም ሳይጎድል ተገኙ። ኩዋንግ ከነሻንጣው ተያዘ። የቦሃን መኪና በሯ ክፍት ሆኖ ባሕሩ ዳር ተገኘች። እሱ አልተገኘም።

በዋናው ቤት ሪፖርቷን የተቀበሏት አዛውንቱ ሚያኦ ነበሩ። መከታተያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ሽቦዋ ሁለት ጊዜ ተበይዳለች» አሏት። «ተቆርጣ ነበር?»

«አልተቆረጠችም። አበላሽቼ ደግሜ በየድኳት። እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።»

ሚያኦ ወደ እጇ ተመለከቱ። እጇ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አይንቀጠቀጥም።

«ድንቢጥስ?»

«እስከ መጨረሻው የእኛ ነበር።»

ሚያኦ ብዕራቸውን አነሱና ጻፉ። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ለመስክ ሥራ እንደማይሆን ሁለቱም ያውቃሉ። የቦሃን እናት ልጇ በግዳጅ ላይ እንደወደቀ የሚገልጽ ወረቀት ደረሳት።

አሁን በሰሜን፣ በረዶ በሚበዛባት አንዲት ከተማ፣ ክርና ቁልፍ የምትሸጥ ሴት አለች። ዋጋ አታስወድድም፤ ወሬም አታበዛም። ደንበኞቿ በአዲሱ ስሟ ሲጠሯት አንዳንዴ ዘግይታ ትዞራለች።