ከኋላዬ የነበረው ጎማ

ስለ ጋኔን፣ ስለ ለካፊ፣ ስለ ሙት መንፈስ ወሬ ሲነሳ ቀስ ብሎ ከክፍሉ የሚወጣው ሰው እኔ ነበርኩ፣ ንቄ አይደለም፣ ስለሚሰለቸኝ ነው፣ እኔ የምወደው የሚለካ ነገር ነው፣ የጎማ ንፋስ፣ የሰንሰለት ርዝመት፣ የብሎን ጥብቀት። ብስክሌት መጠገን ማንም አላስተማረኝም፣ ለንደን ውስጥ ዊልስደን ሰፈር በሚገኘው የእናቴ አፓርታማ በረንዳ ላይ እየፈታሁና እየገጠምኩ ራሴን ነው ያስተማርኩት፣ አንድ ነገር ሲንኳኳ ከየት እንደሚንኳኳ ሳላውቅ እንቅልፍ አይወስደኝም። የዚህኛውን ነገር ምንጭ ግን ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው አላገኘሁትም። የምጽፍላችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም፣ ያለኝን አንድ ጓደኛ ሊያሳጣኝ ስለነበረ ነው።

ጓደኛዬ ቢኒያም ይባላል። የዘጠና ሰባት ምርጫ ካለፈ በኋላ በነበረው ዓመት፣ ሁለታችንም በልጅነታችን ከወላጆቻችን ጋር ለንደን ገባን፣ አንድ ክፍል ተማርን፣ እሱ አሁን ስትሪትሃም ይኖራል፣ ነርስ ነው። እሱ ያወራል፣ እኔ እሰማለሁ። እሱ ጴንጤ ነው፣ እኔ ኦርቶዶክስ፣ በዚህ ሲቀልድብኝ ይውላል። በትርፍ ቀናችን ጠጠርና ኮረኮንች የሚችል ብስክሌት ይዘን፣ ድሮ ፈረሶች ጀልባ ይጎትቱበት በነበረው የካናል፣ የሰው ሠራሽ ቦይ፣ ዳር መንገድ ከከተማ እንወጣለን። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ጎን ለጎን አያስነዳም፣ በአንድ በኩል ቁጥቋጦ፣ በሌላው ውሃ፣ ወደ ኋላ ዞር ስትሉ ደግሞ መሪው አብሮ ይዞራል። ስለዚህ አንድ ልማድ ነበረን፣ ድልድይ ስር ባለፍን ቁጥር ከፊት ያለው «አለህ?» ይላል፣ ከኋላ ያለው «አለሁ» ይላል። ሌሎች ነጂዎች ቆም ብለው ዞረው ያያሉ፣ እኛ እንጠይቃለን፣ ሰው አለሁ ካለ አለ ነው፣ ምን ያጠራጥራል።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፣ በፍልሰታ ጾም። ቅዳሜ እንዲያ መጾም ባይታዘዝም፣ በራሴ ውሳኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አልቀምስም ነበር፣ በነሐሴ ፀሐይ ሰማንያ ኪሎሜትር እንዲያ ሆኖ መንዳት ሞኝነት መሆኑን አሁን ለማንም እናገራለሁ፣ ያኔ ግን ቢኒያም ሙዝ እየላጠ ስለሳቀብኝ ብቻ እልህ ይዞኝ ነበር። በማለዳ ከቤት ስንወጣ እናቴ በር ላይ ቆማ በቀትር ውሃ ዳር እንዳንገኝ አስጠነቀቀችን፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ከዛፍ ስር ተኙ፣ ዘወር ስትል ተመለሱ አለች።

ቢኒያም የራስ ቁሩን እያሰረ «አይስጉ እትዬ አልማዝ» አላት፣ «የእንግሊዝ ጋኔን ቅዳሜ ሥራ አይገባም፣ የኛ አገሩን ደግሞ ሆም ኦፊስ የጥገኝነት ማመልከቻውን ሪጀክት አድርጎበታል።»

«ሳቅ፣ አንተ ሳቅ» አለችው፣ «ውሃ አገር የለውም።»

መሄጃችን ሰላም ነበር። ከአርባ ኪሎሜትር በኋላ ካናሉን ትተን ወደ ኮረብታው ወጣን፣ እዚያ የወይን እርሻ አለ፣ በመሃሉ ለእግረኛና ለብስክሌት የተፈቀደ ነጭ ጠጠር መንገድ ያልፋል። ወይኑ በረድፍ በረድፍ፣ በገመድ እንደተለካ ቀጥ ብሎ ተተክሏል፣ ስለ ቀጥተኝነቱ ወደድኩት። እየነዳሁ በየረድፉ መሃል ስመለከት አንድ ጎንበስ ያለ ሰው አየሁ፣ ቅጠል የሚመለምል ሠራተኛ ነው አልኩ፣ በሚቀጥለው ረድፍም ጎንበስ ያለ ሰው አለ፣ በሚቀጥለውም፣ ሁሉም ከመንገዱ በእኩል ርቀት፣ ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተው። ዘጠኝ ቆጠርኩ። ቢኒያምን ሠራተኞቹን አየሃቸው ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ የምን ሠራተኞች፣ ቅዳሜ ነው እኮ፣ ርቦህ ነው ብሎ አንድ ያልበሰለ የወይን ፍሬ ቀጥፎ አፉ ውስጥ ጣለና ፊቱን አኮማተረ። እኔም ርቦኝ ነው አልኩ።

ወደ ካናሉ ስንመለስ ልክ ስድስት ሰዓት ከአምስት ነበር፣ ሰዓቴን ስላየሁ ነው። ማረፍ ነበረብን፣ ግን ቢኒያም ማታ ሺፍት ነበረው። እኔ ከፊት ሆንኩ። ውሃው ላይ አንዲት ዳክዬ እንኳ የለችም፣ ቅጠል አይነቃነቅም፣ ከኋላዬ የሚሰማው የቢኒያም የኋላ ጎማ ብቻ ነው። ስለዚህ ድምፅ ልንገራችሁ፣ ፔዳል መምታት ስታቆሙ የኋላ ጎማ ብቻውን ሲሽከረከር ቲክ ቲክ ይላል፣ የሱን በዋዜማው ፈትቼ ያጸዳሁት እኔ ነኝ፣ ዘይት ስላሳሳሁበት ደረቅና ጮክ ያለ ድምፅ ነበረው፣ እመኑኝ፣ ከመቶ ብስክሌት መሃል እለየዋለሁ።

የመጀመሪያው ድልድይ ዝቅ ያለ የጡብ ድልድይ ነው። ከስሩ ስወጣ «አለህ?» አልኩ፣ «አለሁ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ የሆነ ነገር ውሃ ውስጥ ሲገባ ሰማሁ፣ ትልቅ ድምፅ አልነበረም፣ አንድ ሰው እርጥብ ከረጢት ቀስ አድርጎ ያስቀመጠ ዓይነት። ዓሣ ይሆናል ብዬ ለማንኛውም ደግሜ «አለህ?» አልኩ። ጥቂት ዘግይቶ «አለሁ» አለኝ። ድምፁ የቢኒያም ነው። ቀጠልኩ።

ሁለተኛው ድልድይ፣ አለህ፣ አለሁ። ሦስተኛው፣ አለህ፣ አለሁ። አራተኛው ጋ ስደርስ ቢኒያም ይህን ያህል ጊዜ ሳያወራ ቆይቶ እንደማያውቅ ትዝ አለኝ፣ ደከመህ እንዴ አልኩት፣ «አለሁ» አለ። ማታ ስንት ሰዓት ትገባለህ አልኩት፣ «አለሁ» አለ፣ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ልክ፣ የቅድሙን መልሶ እንደሚያሰማ ሰው። ፀሐዩ አናቴን እየበሳኝ ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። ስድስተኛው ድልድይ ስር የገባኝ ነገር ግን ከሁሉም የባሰ ነው፣ ብስክሌት የማያውቅ ሰው ባይገርመውም እኔ አውቃለሁ፣ ቲክ ቲኩ ከመጀመሪያው ድልድይ ጀምሮ አንድም ጊዜ አልተቋረጠም። ያ ድምፅ የሚሰማው ነጂው ፔዳል ሳይመታ ሲንሸራተት ብቻ ነው፣ መንገዱ ደግሞ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፣ ሜዳ ላይ ስድስት ኪሎሜትር ሳይረገጥ የሚሄድ ብስክሌት በዓለም ላይ የለም።

ዞሬ አላየሁም። ፈራሁ፣ እውነቱ ይኸው ነው። ሰባተኛውን ድልድይ ሳልጠይቅ አለፍኩ፣ ማንም ሳይጠይቀው «አለሁ» አለ፣ በጣም ቅርብ ሆኖ። ቀጥሎ ጀልባ ለማሳለፍ የሚከፈት ትልቅ የእንጨት የውሃ መዝጊያ ያለበት ቦታ አለ፣ እዚያ ፍሬን ይዤ ቆምኩ፣ ቲክ ቲኩ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጥቶ ልክ ጀርባዬ ላይ ቆመ። አስር ቆጥሬ ዞርኩ። መንገዱ ግማሽ ኪሎሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ይታያል፣ ምንም የለም።

እንዴት እንደተመለስኩ አልነግራችሁም፣ አላስታውስምና። ቢኒያምን የመጀመሪያው ድልድይ አጠገብ በታሰረች የመኖሪያ ጀልባ ላይ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ግንባሩ ከድልድዩ ጡብ ጋር ተጋጭቶ ተሰንጥቆ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ አገኘሁት። ዋና አይችልም። የጀልባዋ ባለቤት አንዲት አሮጊት ናቸው፣ በረጅም መንጠቆ ስበው ያወጡት እሳቸው ናቸው። በማያውቁት ቋንቋ ሁለት ወንዶች ሲነጋገሩ ሰምተው፣ አንዱ ከውሃው፣ አንዱ ከዳር፣ ሲጫወቱ መስሏቸው ዝም ብለው እንደነበርና፣ አንዱ ድምፅ ብቻ ሲቀር ግን እንደወጡ ነገሩኝ። ብስክሌቱን በዚያው መንጠቆ ታች ድረስ ፈለጉ፣ የለም። ቢኒያም አምቡላንስ ውስጥ ፊቱን አዞረብኝ።

በሦስተኛው ቀን ደወለ። ሰላም እንኳ አላለኝም።

«ለምን እጅህን አልሰጠኸኝም?»

አልነበርኩም አልኩት። ወደፊት ሄጄ ነበር፣ ሰባት ድልድይ አልፌ ነበር።

«ጫማህ ልክ ፊት ለፊቴ ነበር» አለኝ፣ «እጄን ዘረጋሁልህ። አለህ? ስልህ አለሁ ትለኛለህ፣ ቆመህ ታየኛለህ። መጨረሻ ላይ ዞረህ ሄድክ።»

ስልኩን ዘጋው።

እኔም ላስረዳው ተነሳሁ፣ ማስረጃ አለኛ፣ መሪዬ ላይ መንገዱን በየሰከንዱ የምትመዘግብ ትንሽ መሣሪያ አለች። ከፍቼ ቼክ አደረግኩ። መነሻው አለ፣ የወይን እርሻው አለ፣ መመለሻው አለ። የመጀመሪያው ድልድይ ላይ አስራ አንድ ደቂቃ ቆሜያለሁ፣ ከዚያ ወደፊት ነድቻለሁ ይላል። እንዳልተበላሸች ለማረጋገጥ ከድሮ መንገዶቼ ሁሉ ጋር አወዳደርኩ፣ አልተበላሸችም። ሐኪሜ ጋ ሄድኩ፣ ረሃብና ጥማት ከሙቀት ጋር ሰውን ቆሞ ሊያፈዙት ይችላሉ፣ አእምሮም ያንን ሰዓት ላይመዘግበው ይችላል አሉኝ። እንግዲህ አስቡት፣ አንድም እኔን የሚመስል ነገር ጓደኛዬን እያየ ቆሟል፣ አንድም እኔው ራሴ ቆሜ ሲሰምጥ አይቼዋለሁ። የትኛው እንደሚሻለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አራት ወር አልተነጋገርንም። ለእናቴ ገና ስጀምርላት ዝም በል አለችኝ፣ ቀጥሎ ጠበል አመጣችልኝ፣ ተጠመቅሁ፣ ጠጣሁ፣ ምንም አልተለወጠም። የቢኒያም ወሬ የሌለበት ቅዳሜ ሁሉ ግን ከበደኝ። በመጨረሻ በአንድ ዝናባማ እሁድ ስትሪትሃም ሄጄ በሩን ደወልኩ፣ ከፈተልኝ፣ ደረጃው ላይ እንደቆምኩ መንገዱን ሙሉ ያጠናሁትን ተናገርኩ።

«ነበርኩ» አልኩት፣ «ቆሜ ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ይቅር በለኝ።»

ቢኒያም አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ይህን ብቻ ነበር የፈለግሁት አለ፣ አልነበርኩም ስትለኝ አብዳለሁ ብዬ ነበር አለ። አስገብቶ ሻይ አፈላ፣ በድሮው አነጋገሩ ስለ ሥራው፣ ስለ አለቃው ያወራልኝ ጀመር፣ እንዲያውም ጾም ያልሆነበት ሳምንት ካለህ አብረን እንበላለን ብሎ ቀለደብኝ። ከአራት ወር በኋላ ሸክሙ ከትከሻዬ ወረደ። አሁን አለቀ አልኩ።

ሁለተኛውን ብርጭቆ ሲቀዳልኝ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

«አንተ ዞረህ ስትሄድ ብስክሌቴን ከሣሩ ላይ አንስቶ የተከተለህ ሰውዬስ? ሊመልስህ የሄደ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ምን ዓይነት ሰው አልኩት።

«ጀርባውን ነው ያየሁት። ከላይ እስከ ታች ውሃ ያንጠባጥባል። ፔዳሉን ሳይነካው ነው የሄደው።» ብርጭቆውን ወደኔ ገፋ አደረገው። «አልደረሰብህም?»

መስኮቱ ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ቢኒያም መልሴን እየጠበቀ ነው፣ ፊቱ ላይ ከአራት ወር በኋላ የተመለሰው ያ የድሮ መልኩ አለ።

«አልደረሰብኝም» አልኩት።

«እንኳንም አልደረሰብህ» አለና እጄን ጨበጥ አደረገኝ።