ይሉኝታ የያዘው ሚሞሪ

በታችኛው ሰመራ ሰው ሰባ ዓመት ሲሞላው ዳቦ ይቆረስለትና ከጆሮው ጀርባ ሚሞሪ ይተከልለታል። ቀድሞ የሚያውቀው ሁሉ ወደ ሚሞሪው ይገለበጣል፤ ከዚያ ወዲያ ቁልፉን የት እንዳስቀመጠ፣ የልጅ ልጁ ስም ማን እንደሆነ አይጠፋውም። ጠዋት ጠዋት ሽማግሌዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው፣ ራሳቸውን ከግድግዳው ሶኬት ጋር አያይዘው፣ ቻርጅ እያደረጉ አስተዳደሩን ያማሉ። ከአፋር ምድር ሁለት ኪሎ ሜትር ወደ ታች በእንፋሎት ኃይል በምትኖር በዚህች ከተማ፣ ይህን አይቶ የሚገረመው እንግዳ ብቻ ነው።

ትርሲት ማንያዘዋል በከተማዋ የማስታወሻ ተቋም «አንባቢ» ናት። ሥራዋ ሌሎች የጻፉትን ኮድ መመርመር ነው። ሚሞሪው በሚመራበት ከርነል፣ ማለትም በስርዓተ ክወናው እምብርት ውስጥ፣ አንዲት መስመር እንኳ ያለ አንባቢ ፊርማ አትገባም። ድራይቨር ሲሆን ጥንቃቄው ይብሳል። ድራይቨር በከርነሉና በሚሞሪው ተቆጣጣሪ ቺፕ መካከል ቆሞ የሚያስተረጉም ፕሮግራም ነውና አስተርጓሚው ከዋሸ ከሁለቱ ማንም አያውቅበትም። ስለዚህ ተቋሙ ሁለት ልማድ አለው። አንባቢው ኮዱን ከጸሐፊው ፊት ለፊት ተቀምጦ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ከዚያ ከመፈረሙ በፊት ሰባት ቀን በራሱ ቤት፣ በራሱ ዘመድ ላይ ይሞክረዋል።

ሚልኪያስ የሚባለው ወጣት መሐንዲስ አዲሱን ድራይቨር ይዞ ሲመጣ ተቋሙ እፎይ አለ። አዛውንቱ ላይ የሚተከለው ፍላሽ ሚሞሪ ኃይል ቢቋረጥም የያዘውን አይለቅም፤ ነገር ግን እንደ ጫማ ሶል ያልቃል። አንድ ቦታ ላይ ተደጋግሞ ከተጻፈበት ያ ቦታ ይሞታል፤ አሮጌው ድራይቨር ደግሞ ይህን ሲያደርግ ነው የኖረው። የሚልኪያስ ድራይቨር ጽሑፉን በየተራ ያዘዋውራል፣ የደከመውን ቦታ ያሳርፋል፣ ፍጥነቱም እጥፍ ነው። አርባ ሺህ አዛውንት ይጠብቁታል። በአምስት ወር ውስጥ ካልደረሰላቸው ብዙዎቹ ሚሞሪያቸውን ያጣሉ።

ትርሲት ሦስት ሺህ አራት መቶ መስመር አነበበች። ንጹሕ ሥራ ነበር፤ እንዲያውም ቀናችበት። አንድ ቦታ ላይ ብቻ «አታሳፍር» የሚል ስም ያለው ትእዛዝ ገጠማትና «ይሄ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«ያለቁ ቦታዎች ላይ ትንሽ ማስተካከያ ነው» አላት ሚልኪያስ።

የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር፤ ጓደኞቹም በር ላይ ቆመው ይጠብቁታል። ልጁን በሰው ፊት ማፋጠጥ ነውር መሰላትና አለፈችው።

ድራይቨሩ አባቷ ላይ ተጫነ። አቶ ማንያዘዋል የሰማንያ አንድ ዓመት አዛውንት ናቸው፤ ይህችን ከተማ ከቆፈሩት ሰዎች አንዱ። ሚስታቸው ካረፉ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህ ቁርሳቸውን የጨረሱበትን ቀን ትርሲት አታስታውስም። ሙከራው በተጀመረ በስድስተኛው ቀን ጠዋት ግን ፍርፍሩን ጥርግ አድርገው በሉና ድገሚኝ አሉ። ማፏጨትም ጀመሩ።

«ምን ተገኘ አባዬ?» አለች።

«እናትሽን እያሰብኳት ነው። የመጨረሻዋ ቀን እጄን ይዛ ‹ተወው ማንያዘዋል፣ ይቅር ብዬሃለሁ› ያለችኝን። እንዴት እስከ ዛሬ ሳላስታውሰው ኖርኩ?»

ትርሲት የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ነበረች። እናቷ የማንንም እጅ አልያዙም። አባቷ ሲገቡ እናቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ እንደዞሩም አረፉ። ወንድሟ ኪሩቤል በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሲሞት አባቷ ጉድጓዱ ውስጥ ነበሩ። ወደ ላይ ለመውጣት ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ዋናው ዋሻ ተቆፍሮ ሊያልቅ ደግሞ ጥቂት ሜትር ብቻ ይቀረው ነበር። «እናንተ ቅበሩት» ብለው ላኩና ቀሩ። እናቷ ከዚያ በኋላ በኖሩባቸው ስምንት ዓመታት «ያልቀበርከውን ልጅ ስም አትጥራብኝ» ከማለት በቀር ስለ ነገሩ አንስተው አያውቁም።

ትርሲት ቢሮ ገብታ የአባቷን ሚሞሪ መዝገብ ከፈተች። ያ ቀን የተጻፈበት ቦታ ከሞተ ሰንብቷል። አሮጌው ድራይቨር ስለ እሱ ሲጠየቅ «ማንበብ አልተቻለም» ብሎ ይመልስ ነበር። አዲሱ «ተነቧል» ይላል። ወዲያው ሚልኪያስን አስጠራችው።

«‹አታሳፍር› ምን እንደሚሠራ አሁን ንገረኝ። በር ላይ ማንም የለም።»

ሚልኪያስ መሬት መሬት እያየ «ቦታው ከሞተ በዙሪያው ካለው ትዝታ ተነሥቶ ይሞላዋል። ከሚሆኑት ውስጥ ሰውየውን የማያስከፋውን ይመርጣል» አላት።

«ፈጥሮ?»

«እትዬ ትርሲት፣ አያቴ አሮጌው ድራይቨር ነበራቸው። እንግዳ አንድ ነገር ሲጠይቃቸው ‹ማንበብ አልተቻለም› የሚል ድምፅ ጆሯቸው ውስጥ ይጮሃል፤ ዝም ብለው አንገታቸውን ይደፋሉ። ትልቅ ሰው እንዴት ‹ጠፍቶብዎታል› ይባላል? መርዶ እንኳ የሚነገረው በስንት ጥንቃቄ ነው! እኔ ያደግኩት እንደዚያ ነው።»

ልትቆጣው ፈልጋ ግማሹ ቁጣ ወደ ራሷ ዞረ። «አንተ ድራይቨር ውስጥ ይሉኝታ ከተትክ፤ እኔ በይሉኝታ አሳለፍኩት። ግሩም ተገናኝተናል» አለችው።

ዋና መሐንዲሷ ወይዘሮ አስካለ ወሬው ደርሷቸው መጡ። ድራይቨሩን በአርባ ሺዎቹ ላይ የመጫኑ ሥራ ለነገ ጠዋት ተቀጥሯል።

«አባትሽ ደህና አይደሉም?» አሉ።

«ደህና ነው። ማፏጨት ጀምሯል።»

«ታዲያ ምን ፈለግሽ? ከቤታችሁ አንድ ቅሬታ እንኳ አልመጣም።»

«ከዚህ የባሰ ምን ምልክት አለ? አባቴ ሳያማርር የዋለበት ቀን የለም!»

«ትርሲት፣ ነገር አታክብጂ። ካልፈረምሽ ያንቺን ሙከራ ተቀብሎ ለሚፈርም ሌላ አንባቢ እሰጠዋለሁ።»

«ይስጡ። ስሜን ግን አያገኙም። ያየሁትን ሁሉ ከኮዱ ራስ ላይ እጽፈዋለሁ፤ የሚመጣው አንባቢ አይቶ ይፈርም።»

«አርባ ሺህ ሰው ሚሞሪው ቢሞትበት የምትጠየቂው አንቺ ነሽ።»

«እጠየቃለሁ። ግን ሚሞሪ ሲሞት ሰው መሞቱን ያውቃል። በዚህኛው ግን ሌላ ሰው ሆኖ ሲያፏጭ ይኖራል።»

ወይዘሮ አስካለ በሩ ጋ ደርሰው ዞር አሉ። «አባትሽንስ ጠይቀሻቸዋል? ደስታቸውን ልትቀሚያቸው ነው እኮ።»

ይህ ነካት። አልጠየቀቻቸውም። ተቃውሞዋን ግን ጻፈች።

መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው፣ ለብቻም አይኬድም። ሚልኪያስ «አብሬሽ እሄዳለሁ» አላት፤ በድንጋጤው አንቱታውንም ረሳው። ትርሲት ቢሮ አድራ ነበር፤ የመንገዱ መብራት ለንጋት ሳይደምቅ አቶ ማንያዘዋል ወዳሉበት ቤቷ ደረሱ። ሽማግሌው በሩን ከፍተው ሁለቱን እንዳዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም አባዬ። ተቀመጥ።»

ተቀመጡ። ትርሲት ሌሊቱን ሙሉ ስትመርጥ ያደረችው ቃል ሁሉ ጠፋባትና በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው። «እማዬ ይቅር አላለችህም። ያሰብከው ትዝታ ማሽኑ የሞላው ነው።»

ሚልኪያስ ጎንበስ ብሎ «አባቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ድራይቨሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንዳይከፋዎት ብዬ ነው» አለ።

አቶ ማንያዘዋል ከጆሯቸው ጀርባ ያለውን ሚሞሪ በጣታቸው ነኩት። ሲናገሩ ድምፃቸው ቤቱን ሞላው።

«እንዳይከፋኝ? ልጄን አልቀበርኩም! ሊከፋኝ ይገባል። ሚስቴ ይቅር አላለችኝም፤ መብቷ ነው። አንተ ማን ነህና በእሷ አፍ ይቅር የምትለኝ? ያልሰጠችኝን አልወስድም። አውጣልኝ!»

«አባዬ፣ ሲወጣ ባዶ ነው የሚቀረው» አለች ትርሲት። «ቦታው ሞቷል። ያ ቀን ከሚሞሪው አይመለስም።»

«ባዶ ይሁን። ባዶው የእኔ ነው።»

በዚህ መሃል የትርሲት ስልክ ጮኸ። ወይዘሮ አስካለ ነበሩ፤ ጭነቱ ሊጀመር አንድ ሰዓት ቀርቶታል፣ ሁለተኛው አንባቢ ተቃውሞውን አይቶ አልፈርምም ብሏል። አቶ ማንያዘዋል ስልኩን ከልጃቸው እጅ ወሰዱት።

«እሜቴ፣ ከአርባ ሺዎቹ አንዱ እኔ ነኝ» አሉ። «እኔ እጠብቃለሁ። የማይጠብቅ ካለ ምን እንደምትጭኑበት ነግራችሁት ይምረጥ። ሳትነግሩት ግን ማንም ላይ አትጭኑም፤ ካስፈለገም መጥቼ በሩ ላይ እተኛለሁ።»

ሚልኪያስ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጦ ኮምፒውተሩን ጉልበቱ ላይ አደረገና «አታሳፍር»ን ከነስሙ ሰረዘው። ስልሳ መስመር ነበር። ቀሪው ድራይቨር እንዳለ ይሠራል፤ እንደገና እስኪነበብና እስኪሞከር ዘጠኝ ቀን በቂ መሆኑን ትርሲት ስልኩን ተቀብላ ተናገረች። ወይዘሮ አስካለ በስልኩ ውስጥ ተነፈሱና «ዘጠኝ ቀን» ብለው ዘጉ። ከዚያ ሚልኪያስ ከሽማግሌው ጆሮ ጀርባ ያለውን ሚሞሪ አገናኝቶ የተሞላውን ትዝታ አወጣው።

አቶ ማንያዘዋል ዓይናቸውን ጨፍነው ፈለጉ። ምንም የለም። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አንቺ እዚያ ነበርሽ አይደል? ንገሪኝ። እንዳታሳምሪው።»

«ከጉድጓዱ ወጥተህ በቀጥታ መጣህ» አለች ትርሲት። «ቦቲህ ጭቃ ነበር። ‹መጣሁ› አልካት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አላናገረችህም፣ አላየችህም። ከጠዋት እስከ ማታ እንደዚያው ሆና አረፈች።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነበረች» አሉ። ቆይተው ደግሞ ቀስ ብለው ጠየቁ፦ «እኔስ? እኔ ምን አደረግኩ?»

ይህን ጥያቄ ትርሲት አልጠበቀችውም።

«ቆመህ ነበር» አለች። «ከአልጋዋ ግርጌ። ጀርባዋን ሰጥታህ እንኳ ቀኑን ሙሉ አልሄድክም። ወንበር ባመጣልህም አልተቀመጥክም።»

«ቆሜ ነበር?»

«እስክትሞት ድረስ።»

ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም፤ ማሽኑም ሽማግሌውን ከሚያስደስቷቸው ነገሮች ውስጥ አልቆጠረውም ነበር። አቶ ማንያዘዋል ከተቀመጡበት ተነሡና ቆመው አለቀሱ።